የገመድ አልባ ስልክ ቤዝ የት ይሰቀል? በዳገት ላይ ለተሠሩ የደሴ ሕንፃዎች የሚሆን መመሪያ

ደሴ ውስጥ አንድ ሕንፃ ስንት ፎቅ እንዳለው ሲጠየቅ መልሱ በየትኛው በር እንደገቡ ይለያያል። ከላይኛው መንገድ የገባ ሰው «ባለ ሁለት ፎቅ ነው» ይላል፤ ከታችኛው ሰፈር ቀና ብሎ ያየው ደግሞ አራት ይቆጥራል። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር በዳገትና በቁልቁለት ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች የብዙ ሕንፃዎች የታችኛው ወለል ፊቱ ለብርሃን የተከፈተ፣ ጀርባው ግን ከአፈር ጋር የተጣበቀና በድንጋይ ድጋፍ ግንብ የተያዘ ነው። ለነዋሪው ይህ ተራ ነገር ነው። የሕንፃ ውስጥ ስልክ ለሚዘረጋ ባለሙያ ግን የሥራው ሁሉ መነሻ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድን የሚያግደው የካሬ ሜትሩ ብዛት ሳይሆን በመንገዱ ላይ የሚያገኘው ድንጋይ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮና ውሃ ነውና።

ገመድ አልባ ስልክ ስል ሞባይል ማለቴ አይደለም፤ ቀደም ሲል በገጠር ቀበሌዎች የምናውቀውን የሲዲኤምኤ ስልክም አይደለም። ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ ፋብሪካ ወይም ትምህርት ቤት ከፒቢኤክሱ (ከራሱ የውስጥ ስልክ ማዞሪያ) ጋር አያይዞ ሠራተኞቹ በየክፍሉ ይዘውት የሚዞሩትን፣ ዴክት በሚባለው ሥርዓት የሚሠራውን የውስጥ ስልክ ነው። በዚህ ሥርዓት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ማሠራጫ ባጭሩ ቤዝ እንለዋለን። የዴክት ደረጃ በአውሮፓ የቴሌኮም ደረጃዎች ተቋም የወጣው በ1992 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ በ10 የሞገድ መሥመሮች ይሠራል። እያንዳንዱ መሥመር በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ በ24 የጊዜ ክፍሎች ይከፋፈላል፤ ለአንድ ንግግር አንድ መሄጃና አንድ መመለሻ ስለሚያስፈልግም በአንድ መሥመር 12፣ በጠቅላላው 120 ንግግር የሚይዝ ቦታ ይኖራል። ነፃውን ቦታ ስልኩ ራሱ ፈልጎ ስለሚይዝ፣ እንደ ዋይፋይ «ይህ በቻናል 1 ይሁን፣ ያኛው በ6» እያሉ መመደብ አያስፈልግም። ለሠሪው የሚቀረው ዋና ጥያቄ ቤዙ የሚሰቀልበት ቦታ ነው።

ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቴ በተሳሳተ መንገድ ነበር የምመልሰው። በአንድ ባለ አራት ወለል የግል ክሊኒክ ውስጥ ኬብሉ በደረጃው በኩል ስለሚወጣ ብቻ አራቱንም ቤዞች በየፎቁ ከደረጃው አጠገብ አንዱን ከአንዱ ራስ በላይ ሰቀልኋቸው። ሥራው በግማሽ ቀን አለቀ፤ ደረጃው ላይ የቆመ ሰው ሲደውል ድምፁ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር። በማግስቱ ግን ነርሶቹ በኮሪደሩ ጫፍ ካለው የቁስል ማጠቢያ ክፍል መደወል አቃታቸው፤ ከኤክስሬይ ክፍሉ ፊት ለፊት የቆመች ሌላ ነርስ ደግሞ በንግግር መካከል ተቋረጠባት። ደረጃው ሲግናል ተትረፍርፎለታል፤ ደረጃው ላይ ቆሞ የሚሠራ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ኬብሉ የት ይደርሳል ብዬ ሳይሆን ሰዎቹ የት ቆመው ያወራሉ ብዬ ነው የምጀምረው።

ከመግዛት በፊት

አሜሪካ ያለ ዘመድ «ጥሩ ስልክ ነው» ብሎ የሚልከው ዕቃ በዚህ ሥራ ውስጥ መግባት የለበትም። በአሜሪካ የሚሸጠው የዴክት ስልክ የሚሠራው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ ይህ ደግሞ በእኛ አገር የ3ጂ ሞባይሎች ወደ አንቴና የሚልኩበት ክልል መጀመሪያ ነው። እንዲህ ያለ ቤዝ ሲተከል ጎረቤቱን ሁሉ ያውካል፤ ከአውሮፓው ዓይነት ስልክ ጋርም አይግባባም፤ ቻርጀሩም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት መቃጠሉ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ከ1880 እስከ 1900 የሚለውን ይፈልጉ፤ ዕቃው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ያለው መሆኑንም ሻጩን ይጠይቁ። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ሲሆን የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀም የሚመለከተውም እሱን ነው።

ፕላኑን ይዞ መዞር

የሕንፃውን ፕላን በየፎቁ ለየብቻ በትልቅ ወረቀት ያትሙ። ፕላን ከሌለ፣ ብዙ ጊዜም የለም፣ በሜትር እየለኩ በእጅ ይንደፉት፤ ውበቱ ቀርቶ የግድግዳዎቹ ቦታና ርቀታቸው ትክክል ይሁን። ከዚያ እርሳስ ይዘው ቤቱን ከታች እስከ ላይ ይዙሩት፤ እየዞሩም ግድግዳውን በጣትዎ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ጂፕሰም ወይም ቺፑድ ነው፤ ሲግናሉን ብዙም አይጎዳውም። ብሎኬት ከ3 እስከ 8 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሲግናል ጉልበት መቀነስና መጨመር የሚለካበት) ያህል ይወስዳል። ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ከ10 እስከ 20 ዲቢ ሊወስድ ይችላል፤ የፎቅ ሶሌታም ከዚሁ ወገን ነው። በአሮጌው የደሴ ክፍል የሚገኘው ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ደግሞ በተለይ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ከኮንክሪት የማይተናነስ ነው። ላሜራ በር፣ የውሃ ታንከር፣ የሊፍት ጉድጓድ፣ በብረት ተሸፍኖ ብርሃን የሚያንጸባርቅ መስታወት፣ እርሳስ የተለበጠ የኤክስሬይ ክፍል ግድግዳ፣ እነዚህን ሁሉ በቀይ ያቅልሙ፤ በእነሱ ውስጥ ያልፋል ብለው አይቁጠሩ።

ዲቢን ላልለመደ ሰው፣ 3 ዲቢ መቀነስ ማለት ጉልበቱ በግማሽ መቀነስ፣ 10 ዲቢ ማለት ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ ማለት ነው። በሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚጠፋው 6 ዲቢ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የኮንክሪት ግድግዳ የሚወስደው ጉልበት፣ በሜዳ ከ10 ሜትር ወደ 40 ሜትር፣ አንዳንዴም ወደ 80 ሜትር መራቅ የሚወስደውን ያህል ነው። በካታሎግ ላይ «ውጭ 300 ሜትር፣ ቤት ውስጥ 50 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ ውሸት አይደለም፤ የማን ቤት ውስጥ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ግድግዳውን ከጨረሱ በኋላ ሰዎቹን ይጠይቁ፤ በተለይ የጽዳት ሠራተኞችንና ጥበቃዎችን፤ ቤቱን ከባለቤቱ ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በዚያው ክሊኒክ ሥራውን እንደገና ስጀምር አንዲት እናት መወልወያቸውን ይዘው ሲያልፉ፣ «እትዬ፣ ስልክ ይዘው የሚወጡት ሰዎች የት ሄደው ነው የሚያወሩት?» አልኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ እኔ ላሳይህ» ብለው ወደ ኋላ በኩል ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ወሰዱኝ። «እዚህ ሞባይሉም አይሠራ፤ ማታ ተረኛዋ ስትፈለግ በሰው ነው የምትጠራ።» ያ ክፍል በተሰጠኝ የሥራ ዝርዝር ላይ አልነበረም። በፕላኔ ላይ በሰማያዊ ከበብኩት፤ ለካስ ጀርባው ከአፈር ጋር የተጣበቀው ክፍል እሱ ነበር።

ልኬቱ

ግምት እዚህ ላይ ያበቃና ልኬት ይጀምራል። አንድ ቤዝ፣ ሁለት ስልኮች፣ አንድ ረጅም እንጨት ወይም መሰላል፣ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሳይኖር በባትሪ የሚያበላ ዕቃ፣ እንዲሁም ቤዙን በኔትወርክ ኬብል መብራት የሚያበላ ፒኦኢ ኢንጀክተር ያስፈልግዎታል። ብዙዎቹ የቢሮ ዴክት ስልኮች የመለኪያ ገጽ አላቸው፤ በመመሪያቸው ላይ በተጻፈው ኮድ ሲከፈት የቤዙን ቁጥርና የሲግናሉን ጉልበት በዲቢኤም ያሳያል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ማይነስ ነው፤ ማይነስ 50 ከማይነስ 70 ይበልጣል። እኔ የምሠራበት ወሰን ለንግግር ማይነስ 70 ነው። ስልኩ ከዚያ ባነሰም ሊያስደውል ይችላል፤ ነገር ግን በር ሲዘጋ፣ ሰው መካከል ሲቆም፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሲገባ የሚጠፋውን ጥቂት ዲቢ የሚሸከም ትርፍ መኖር አለበት። በሕክምና ቤት ወሰኑን ወደ ማይነስ 65 ከፍ አደርገዋለሁ።

ቤዙን ሊሰቅሉት ያሰቡበት ነጥብ ላይ በእንጨቱ ጫፍ አስረው ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ያቁሙት። መሬት ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መለካት ከንቱ ድካም ነው፤ ኋላ የሚሰቀልበት ከፍታ ላይ ካልሆነ ቁጥሩ ይዋሻል። ከዚያ ስልኩን ጆሮዎ ላይ እንደሚይዙት አድርገው በዝግታ ይራመዱ፤ በየክፍሉ ገብተው በሩን ይዝጉ፤ ፊትዎን ወደ ቤዙ፣ ቀጥሎም ጀርባዎን ወደ ቤዙ ያዙሩ፤ ከሁለቱ ዝቅተኛውን ቁጥር ፕላኑ ላይ ይጻፉ። የቆሙበትን ነጥብ በኤክስ ምልክት ያሳዩ። ሁለተኛውን ስልክ አንድ ረዳት ይዞ ያለማቋረጥ ይቁጠርልዎት፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው ድምፅ ሲንተባተብ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር ያ ቦታ ችግር አለበት።

የዚያ ክሊኒክ ልኬት ምን እንደሚመስል በቁጥር ላሳይ። ወለሉ 40 ሜትር በ16 ሜትር ነው። ቤዙን በሁለተኛው ወለል ኮሪደር መካከል ሳቆም፣ በኮሪደሩ 20 ሜትር ርቄ በግልጽ እያየሁት ማይነስ 48 አነበብኩ። በአንድ የብሎኬት ግድግዳ ጀርባ ማይነስ 55፣ በሁለት ጀርባ ማይነስ 61 ሆነ። ወፍራም ኮለን በመሃል የገባበት፣ ግድግዳው በሴራሚክ የተለበጠውና ቧንቧ የበዛበት መታጠቢያ ቤት ማይነስ 65 ሰጠኝ፤ የሕክምና ቤቱ ወሰን ላይ ነው። ኤክስሬይ ክፍሉ በሩ ሲዘጋ ማይነስ 82። አንድ ፎቅ ወርጄ 10 ሜትር ወደ ጎን ስሄድ ማይነስ 66 ነበር። ልብስ ማጠቢያው ግን ስልኩ እስከነጭራሹ «ቤዝ ፍለጋ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። እንግዲህ አንድ ቤዝ ወለሉን ሙሉ ሊሸፍን ምን ያህል እንደቀረበ፣ ደግሞም የቀሩት ሁለት ቦታዎች ምን ያህል እንደተለዩ ከዚህ ይታያል። መፍትሔው በየፎቁ ሁለት ሁለት መደርደር አልነበረም፤ ለየፎቁ አንድ፣ ለታችኛው ወለል የጀርባ ክፍሎች አንድ ተጨማሪ ቤዝ በቂ ነበር። ኤክስሬይ ክፍሉ ውስጥ ለሚሠራው ባለሙያ ባለ ገመድ ስልክ አስቀመጥንለት። አንዳንድ ክፍል በሬዲዮ መሸፈን የለበትም፤ እርሳስ ከለበሰ ግድግዳ ጋር መታገል የባለቤቱን ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ቦታ ላይ ለክተው ሲጨርሱ ማይነስ 70 የነካባቸውን ኤክሶች በመሥመር ያገናኙ፤ የቤዙ ግዛት ያ ነው። ቅርጹ እንደ ክብ አይሆንም፤ እንደ ሐይቅ ዳርቻ አንዱ ወገን ገብቶ ሌላው ወጥቶ ይታያል። የሚቀጥለውን ቤዝ የት እንደሚሰቅሉ የሚነግርዎት ይህ ጠማማ መሥመር ነው።

ቤዝ ለቤዝ መሰማማት

ብዙ ሠሪዎች የሚስቱት ነገር እዚህ አለ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ሰው እያወራ ከአንዱ ቤዝ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር ንግግሩ ሳይቋረጥ እንዲተላለፍለት ሁሉም ቤዞች የ10 ሚሊሰከንዱን ቆጠራ እኩል መጀመር አለባቸው። ይህን እኩልነት አብዛኛው ሥርዓት የሚያገኘው በአየር ላይ ነው፤ አንዱ ቤዝ ዋና ይሆናል፣ ሌሎቹ የእሱን ወይም ከእሱ የሰማውን ቤዝ እየሰሙ ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤዝ ለስልኩ መሰማቱ ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ፣ የተሻለ ከሆነ ሁለት ሌሎች ቤዞችን በደንብ መስማት አለበት። ለዚህ እኔ የምይዘው ወሰን ማይነስ 75 ነው። አለካኩም ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውን ቤዝ በእንጨቱ ላይ እንደቆመ ትተው፣ ስልኩን ይዘው ሁለተኛው ሊሰቀልበት ወዳሰቡት ነጥብ ይሂዱ፣ መሰላል ላይ ይውጡ፣ በዚያው ከፍታ ያንብቡ።

ዋናውን ቤዝ ከስዊቹ (የቤዞቹ ኬብሎች ከሚሰበሰቡበት የኔትወርክ ማከፋፈያ) አጠገብ ሳይሆን ከሕንፃው እምብርት ይስቀሉት፤ ከእሱ ወደ ዳር ያለው ሰንሰለት አጭር እንዲሆን። ሰንሰለቱ ጫፍ ለጫፍ እንደ መቁጠሪያ ከተዘረጋና መካከለኛው ቤዝ ከጠፋ፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይበታተናሉ፤ ስልኮቹ በየራሳቸው ይሠሩ ይሆናል፣ እየተራመዱ ማውራት ግን ያበቃል። እንደ ደሴው ባለ ሕንፃ ይህ ሰንሰለት የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ በሶሌታው ላይ ነው። ሁለት ቤዞች ልክ አንዱ ከአንዱ በላይ ሲሰቀሉ የአንቴናው ጉልበት ወደ ጎን እንጂ ወደ ታችና ወደ ላይ ብዙ ስለማይሄድ፣ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ እያሉ በደካማው ሊሰማሙ ይችላሉ። የደረጃው ክፍት ቦታ ግን እንደ ጭስ ማውጫ ሲግናሉን ያሳልፋል። ስለዚህ የላይኛውን ቤዝ ከደረጃው በስተግራ፣ የታችኛውን በስተቀኝ፣ ከደረጃው ከ5 እስከ 8 ሜትር ራቅ አድርጌ በማፈራረቅ እሰቅላለሁ፤ ሁለቱም ደረጃውን ያያሉ፣ ሁለቱም ግን የየራሳቸውን ኮሪደር ይሸፍናሉ። ልብስ ማጠቢያውን የሸፈነውን አምስተኛ ቤዝም ክፍሉ ውስጥ አልሰቀልኩትም፤ እዚያ ቢገባ ከወንድሞቹ ማንንም አይሰማም ነበር። በሩ ፊት ለፊት ካለው መተላለፊያ ጥግ ላይ ሲሆን ግን ክፍሉን ማይነስ 60፣ የላይኛውን ቤዝ ማይነስ 71 ሆኖ ያገኛቸዋል።

በኔትወርክ ኬብል በኩል ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉ ሥርዓቶችም አሉ፤ ድንጋይ በበዛበት ቤት ትልቅ ግልግል ናቸው። ነገር ግን የስዊቹን ጥራት ይጠይቃሉ፤ ርካሽ ስዊች የሰዓቱን መልእክት እያዘገየ ሥርዓቱን ሲያምስ አይቻለሁ። ተደጋጋሚ፣ ማለትም ሪፒተር፣ የሚባለውን ዕቃ በተመለከተ ግዛት ይጨምራል እንጂ የመነጋገሪያ መንገድ አይጨምርም፤ ለአንድ ጓሮ ወይም ለጥበቃ ቤት ካልሆነ አልመርጠውም።

የሁለት ቤዞች ግዛት የሚደራረብበት ቦታ ስፋት ከተራማጁ ሰው ፍጥነት ጋር መታየት አለበት። ሰው በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይራመዳል፤ 10 ሜትር መደራረብ ካለ ስልኩ የተሻለውን ቤዝ ፈልጎ ለመሻገር 7 ሰከንድ ያህል ያገኛል፤ ይህ በቂ ነው። በሽተኛ በአልጋ እየገፋ የሚሮጥ ሰው ባለበት ኮሪደር ግን 15 ሜትር እይዛለሁ። በጣም የሚያስቸግረው ጥግ ነው፤ ሰውዬው ኮለኑን ሲታጠፍ ሲግናሉ በሁለት እርምጃ 15 ዲቢ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ኮሪደሮች የሚገናኙበት ጥግ ራሱ ለቤዝ የተመረጠ ቦታ ነው፤ ሁለቱንም አቅጣጫ ያያል።

ስንት ሰው በአንድ ጊዜ?

እስከ አሁን ያልነው ስለ ሽፋን ነው። ብዛትም አለ። ብዙዎቹ የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቤዞች በአንድ ጊዜ 8 ያህል ንግግር ብቻ ያስተናግዳሉ፤ ትክክለኛውን ቁጥር በመመሪያው ላይ ይመልከቱ። በአንድ ቤዝ ሥር 30 ስልክ ቢኖርና እያንዳንዱ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት 6 ደቂቃ ቢያወራ፣ በአማካይ በአንድ ጊዜ 3 ንግግር ይካሄዳል ማለት ነው። የዴንማርኩ መሐንዲስ ኤርላንግ ከመቶ ዓመት በፊት ባወጣው ስሌት መሠረት፣ 8 መንገድ ባለው ቤዝ ላይ በዚህ ጭነት ከመቶ ጥሪ አንዱ ያህል ብቻ «ተይዟል» ይባላል። ለክሊኒክ ይህ ይበቃል። ለሆቴል እንግዳ መቀበያና ለፋብሪካ ቁጥጥር ክፍል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስልክ በሚያነሳበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት የፈረቃ ቅያሬ ላይ ግን ሁለተኛ ቤዝ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አጣብቀው አይስቀሏቸው፤ እንዳይጯጯሁ ጥቂት ሜትር ያራርቋቸው።

ኮምቦልቻ ስንወርድ

ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ ሲወርዱ የችግሩ ዓይነት ይለወጣል። እዚያ ድንጋይ ሳይሆን ብረት ነው ጠላቱ፤ ግድግዳውና ጣሪያው ኢጋ ቆርቆሮ የሆነ መጋዘን፣ በውስጡም እስከ ጣሪያ የተደረደረ የብረት መደርደሪያ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ስልኩ ማይነስ 52 እያሳየ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ባለቤቱም «ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ስልካችሁ ነው የተበላሸው» ይላል። ምክንያቱ ሞገዱ ከብረት ወደ ብረት እየተንጸባረቀ በተለያየ ጊዜ መድረሱና ራሱን በራሱ ማደናገሩ ነው። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን፣ ስልኩ የሚያሳይ ከሆነ፣ የስህተት ቁጥሩን ወይም የጥራት መቶኛውን አብረው ይመዝግቡ። ቤዙን ከአንዱ ጫፍ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሁሉንም መተላለፊያ እንዲሸፍን መጠበቅ አይሠራም፤ በመደርደሪያዎቹ መካከል ባለው ዋና መተላለፊያ ላይ፣ ወደየመተላለፊያው ርዝመት እንዲያይ አድርጎ መስቀል ይሻላል። ልኬቱንም ቤቱ ዕቃ ሞልቶት እያለ ያድርጉት። በባዶ መጋዘን ተለክቶ፣ ማሽላና ጤፍ ሲራገፍበት ሽፋኑ የተሰነጣጠቀበትን ቤት አውቃለሁ፤ እህል የያዘው እርጥበት ሞገድ ይውጣል።

ከቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀትም አይዘንጋ። የኮምቦልቻ ፀሐይ በቀትር ጣሪያውን ሲያግል፣ ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ዕቃ ከሚችለው በላይ ይሞቃል። ከጣሪያው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ ያድርጉት። ደሴ ላይ በተቃራኒው ደንበኞች ጉም ሲወርድ ሲግናሉ እንዳይጠፋ ይሰጋሉ፤ በዚህ የሞገድ ክልል ጉምም ዝናብም የሚታይ ጉዳት አያደርሱም። ከበልግና ከክረምት ዝናብ በኋላ የሚሞተው ቤዝ የሚሞተው ውሃ በኬብሉ ጫፍ ገብቶበት ወይም መብረቅ በውጭ በተዘረጋ ኬብል ተከትሎት መጥቶ ነው። ውጭ የሚሰቀል ከሆነ ውሃ የማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ከታች የሚገባ ኬብልና የመብረቅ መከላከያ ይኑረው፤ ሳጥኑ የብረት ከሆነ ቤዙን በገዛ እጅዎ መቅበርዎ ነው።

ነጥቡን መምረጥና መስቀል

ፕላኑ ላይ የተመረጠው ነጥብ ግድግዳው ላይ ሲደርሱ ትንሽ መንሸራሸሩ አይቀርም። ሲንሸራሸር የማይጣሱት እነዚህ ናቸው፦ ቤዙ በብረት ኮርኒስ ወይም በኮርኒሱ ጀርባ ባለ የአልሙኒየም ፎይል ላይ አይሁን፤ ከኮለን ፊት ላይ አይለጠፍ፣ የኮለኑ ጀርባ ጥላ ይሆናልና፤ በኤሌክትሪክ ቦርድ ክፍልና በስዊቹ ላሜራ ቁም ሣጥን ውስጥ አይግባ፤ ከዋይፋይ ማሠራጫው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ሁለቱ የሚሠሩት በተለያየ የሞገድ ክልል ስለሆነ አይጋጩም፤ ነገር ግን በጣም ሲቀራረቡ አንዱ የሌላውን ተቀባይ ያደነቁራል። አቅጣጫውንም በመመሪያው ሥዕል መሠረት ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያድርጉት። የባለቤቱ ሚስት «ሳሎኑን ያበላሻል» ብለው ከቁም ሣጥን ጀርባ እንዲደበቅ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በአክብሮት እምቢ ይበሉ፣ ወይም ቁጥሩን ሁለቴ ለክተው ያሳዩዋቸው። ቁጥር ያሳመነኝን ያህል ክርክር ማንንም ሲያሳምን አላየሁም።

ከቤዝ እስከ ስዊች ያለው ኬብል ጫፍና ጫፍ ያሉትን አጫጭር ኬብሎች ጨምሮ ከ100 ሜትር አይለፍ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ፣ ውስጡ አልሙኒየም ሆኖ በመዳብ የተለበጠ ኬብል አለ፤ ጫፉን በቢላ ሲፍቁት ነጭ ብረት ይወጣል። እሱን ለፒኦኢ አይጠቀሙበት፤ በረጅም ርቀት መብራቱ ይደክምና ቤዙ በየቀኑ ራሱን እያጠፋ ያበራል፤ የችግሩን ምንጭ ለማግኘትም ሳምንት ይፈጃል። የተለመደው ፒኦኢ በስዊቹ በኩል 15.4 ዋት፣ ቤዙ ጋ ሲደርስ 13 ዋት ያህል ይሰጣል፤ ቤዝ ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሚበላ ችግሩ የዋት ማነስ አይደለም።

መብራት መጥፋቱን ማስላት ግን የዕቅዱ አካል ነው። 6 ቤዞች በ4 ዋት 24 ዋት ይሆናሉ፤ ስዊቹን 20፣ ፒቢኤክሱን 20 ብለን ስንደምር 64 ዋት ነው። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ ባትሪው እንዲኖርልን ከግማሽ በታች ማውረድ ጥሩ አይደለም፣ የሚባክነውን ቀንሰን 8 ሰዓት ያህል ያስኬደናል። ቤዞቹን በየክፍሉ ሶኬት ላይ ከመሰካት ሁሉንም በአንድ ስዊችና በአንድ ዩፒኤስ ማብላት የሚሻለው ለዚህ ነው። ጀነሬተር ያለው ድርጅትም ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፤ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ባለው ግማሽ ደቂቃ ቤዞቹ ሁሉ ከጠፉ፣ ተነስተው ዋናውን ፈልገው ሰዓታቸውን እስኪያስተካክሉ ጥቂት ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ የክሊኒክ ስልክ በይበልጥ የሚፈለገው ደግሞ ያኔ ነው።

ሁሉም ከተሰቀለ በኋላ የመጨረሻው ዙር ይቀራል። በሥራ ቀን፣ ሰው ሞልቶ፣ በሮች እንደ ወትሮው ተዘግተው ሳለ፣ አንድ ረጅም ንግግር ከፍተው ከታችኛው በር እስከ ላይኛው በር ሳያቋርጡ ይሂዱ፤ ስልኩ የሚያሳየው የቤዝ ቁጥር የሚቀየርበትን ቦታ ፕላኑ ላይ ምልክት ያድርጉ። ቀጥሎ ዋናውን ሳይሆን ከመካከል አንዱን ቤዝ ነቅለው እንደገና ይዙሩ፤ ምን እንደሚጎድል ዛሬ ቢያዩት ይሻላል። በየቤዙ ላይ ቁጥሩን፣ በስዊቹ ላይም ያንኑ ቁጥር ይለጥፉ፤ ልኬቱ ያለበትን ፕላን ደግሞ በላስቲክ አድርገው ስዊቹ ሣጥን በር ላይ በውስጥ በኩል ይተዉት። እኔ ከየቤዙ ጀርባ ሁለት ሜትር ያህል ትርፍ ኬብል ጠቅልዬ ኮርኒሱ ላይ አስቀምጣለሁ። የክሊኒኩ ባለቤት በሁለተኛው ዓመት ኮሪደሩ ላይ ለመድኃኒት ክፍል ብለው የብሎኬት ግድግዳ ሲያቆሙ፣ ያ ጥቅልል ተፈቶ ቤዙ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ግራ ሄደ፤ ልብስ ማጠቢያውም እንደገና ማይነስ 62 አነበበ።